የጀበና ቡና ልትከፍቱ ነው? ረከቦት ከመግዛታችሁ በፊት ሲኒውን ቁጠሩ

ታላቅ እህቴ ከቤይሩት ስትመለስ በእጇ የነበረው ብር ብዙ አልነበረም፤ ግን አንድ የጀበና ቡና ለመክፈት ይበቃ ነበር። ከኮንዶሚኒየም ሥር ጠባብ ቤት ተከራየች፣ ረከቦት ገዛች፣ ቄጤማ ጎዘጎዘች፣ ዕጣን አጨሰች። ሰውም መጣ። ጠዋት ጠዋት መቀመጫ ይጠፋ ነበር። በአምስተኛው ወር ግን ዘጋችው። "ሽያጭ አለ፣ ብር ግን የለም" ነበር ያለችኝ።

ያኔ ለሁለታችንም አልገባንም። ቡናው ይወደዳል፣ ደንበኛ አለ፣ የሰረቀ ሰው የለም። ታዲያ ብሩ የት ገባ? በኋላ ደብተር ይዘን ቁጭ ስንል ነው የታየን፤ አንድ ሲኒ ቡና ስንት ብር እንደሚያስወጣት በአምስት ወር ውስጥ አንድም ቀን አስልታ አታውቅም። እኔም ጠይቄያት አላውቅም።

ይህን የምጽፈው ለማስፈራራት አይደለም። የጀበና ቡና በትንሽ ብር ከሚጀመሩ ሥራዎች አንዱ ነው፣ ፈላጊ አያጣም፣ ሙያውንም ብዙዎቻችን ቤት ውስጥ እያየነው ነው ያደግነው። ችግሩ የሚመጣውም ከዚሁ ነው። ቡና ማፍላት ስለምናውቅ መሸጡንም የምናውቅ ይመስለናል።

ከታች ያለው በአዲስ አበባ ሁኔታ የተጻፈ ነው። ክልል ያላችሁ ኪራዩንና የቡናውን ዋጋ በከተማችሁ ቀይሩት፣ አሠራሩ ያው ነው። ረዘም ስለሚል ሴቭ አድርጋችሁ ያዙት።

1. ጀበና ወይስ ማሽን?

መጀመሪያ ይሄ ይወሰን። ማኪያቶ ልሽጥ ካላችሁ ማሽን፣ መፍጫ፣ ፍሪጅ፣ በየቀኑ የሚመጣ ወተትና ማሽኑን የሚያውቅ ባሬስታ ያስፈልጋችኋል። ማሽኑም መለዋወጫውም የሚመጣው ከውጭ ነው። ሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ደግሞ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ምን ያህል እንደከበደ ሁላችንም እናውቃለን። መብራት ሲጠፋ ማሽኑ ይቆማል። ወተት ከተረፈ ይበላሻል።

ጀበና የሚሠራው እዚሁ፣ ከሸክላ ነው። ቢሰበር የሚጎዳችሁ የአንድ ጀበና ዋጋ ነው። መብራት ቢጠፋ ከሰሉ አለ። ፆም ቢገባ ቡናው የፆም ነው። ስለዚህ በእጃችሁ ያለው ጥቂት ብር ከሆነ በጀበና ጀምሩ፤ ደንበኛ ካፈራችሁ በኋላ ማሽኑን ታስቡበታላችሁ። ይህ ጽሑፍም ስለ ጀበና ቡና ብቻ ነው።

2. ቡናውን እንዴት ትገዛላችሁ?

ጥሬውን ግዙ። የተፈጨ ቡና ውስጥ ገብስ ይግባ ሽምብራ፣ በዓይን አይለይም። ጥሬ ቡና ግን ራሱን ያሳያል፦

– ፍሬው መጠኑና መልኩ ይቀራረባል ወይ? ጥቁር፣ የተሰበረና የተበሳ ፍሬ ከበዛበት ይቅርባችሁ።
– አሽትቱት። ሻጋታ ሻጋታ ወይም ጆንያ ጆንያ የሚል ሽታ ተቆልቶም አይለቅም።
– አንዱን ፍሬ በጥርስ ንከሱት። ጥርስ የሚገባበት ከሆነ በደንብ አልደረቀም ማለት ነው፤ የምትከፍሉት ለውኃ ነው።
– ሚዛኑን ቆማችሁ እዩ።

ሻጭ ሁሉ "የይርጋጨፌ ነው" ይላል። የይርጋጨፌ፣ የሐረር፣ የሊሙ፣ የጅማ፣ የወለጋ ቡና ጣዕማቸው ይለያያል፤ ግን በስም ሳይሆን በምላስ እመኑ። ከሦስት ሻጭ ግማሽ ግማሽ ኪሎ ግዙ፣ በአንድ ዓይነት አቆላል ቁሉት፣ ለአምስት ሰው የቱ የየትኛው እንደሆነ ሳትነግሩ አቅምሱ። የተመረጠውን ያዙና ከዚያ ሻጭ ጋር ተስማሙ። የጀበና ቡና ደንበኛ የሚመላለሰው ትላንት የጠጣውን ዛሬም ስለሚያገኝ ነው፤ በየሳምንቱ ጣዕም ከቀያየራችሁበት ዝም ብሎ ወደ ጎረቤት ይዞራል።

አንድ ነገር ደግሞ እወቁ። አገራችን ለረጅም ጊዜ ምርጡን ቡና ለውጭ ገበያ ስትመድብ ነው የኖረችው፣ ለኤክስፖርት የተዘጋጀን ቡና አገር ውስጥ መሸጥም ቁጥጥር አለበት። ሱቅ የምናገኘው በአብዛኛው ከዚያ የተረፈውን ነው። ስለዚህ ለቀማውን አትዝለሉት። አንድ ኪሎ ቡና ለመልቀም የምታጠፉት ሩብ ሰዓት ከማንኛውም ጌጣጌጥ በላይ ደንበኛ ያመጣል።

አሁን ወደ ቁጥሩ። ቡና ሲቆላ ክብደቱ ከ15 እስከ 20 በመቶ ይቀንሳል። 1 ኪሎ ጥሬ ቡና ገዝታችሁ ምጣድ ላይ ካዋላችሁት በኋላ የሚቀራችሁ ከ800 እስከ 850 ግራም ነው ማለት ነው። ለአንድ ሲኒ 8 ግራም ተኩል አካባቢ ካዋላችሁ፣ ከ1 ኪሎ ጥሬ ወደ 95 ሲኒ ይወጣል። ሲኒያችሁ ተለቅ ካለ ወይም ወፍራም ቡና ከወደዳችሁ ከዚህም ያንሳል።

ይህንን ግን ከእኔ አትውሰዱት። እናንተው ሞክሩት፤ 1 ኪሎ ግዙ፣ ቁሉ፣ ውቀጡ ወይም ፍጩ፣ እስኪያልቅ አፍሉና በራሳችሁ ሲኒ ቁጠሩ። ያ ቁጥር የሥራችሁ መሠረት ነው። እህቴ ይህን ሙከራ የሠራችው ቤቱን ከዘጋች በኋላ ነው። "አንድ ኪሎ 130 ሲኒ ያወጣል" ብላ ስታስብ የኖረችው 92 ሆኖ ተገኘ።

3. ሒሳቡ (ይህን ክፍል እንዳትዘሉት)

ከዚህ በታች ያሉት ዋጋዎች ለስሌት እንዲመቹ የወሰድኳቸው ምሳሌዎች ናቸው። የቡና ዋጋ በየሳምንቱ ስለሚንቀሳቀስ ዛሬ የጠየቃችሁትን ዋጋ አስገቡበት።

በየሲኒው የሚወጣ፦
– ጥሬ ቡና ኪሎው 800 ብር ነው እንበል፤ ለ95 ሲኒ ሲካፈል በሲኒ 8 ብር ከ50 ገደማ
– ስኳር በሲኒ 1 ብር
– ውኃ፣ ሳሙና፣ ጤና አዳም፣ የሚሰበር ሲኒ በጠቅላላው 1 ብር

ድምሩ 10 ብር ከ50 ነው። ሲኒውን በ25 ብር ብትሸጡት ከእያንዳንዱ የሚቀራችሁ 14 ብር ከ50 ነው።

ሸጣችሁም አልሸጣችሁም በየቀኑ የሚወጣ፦
– ከሰል 150 ብር
– ፈንዲሻ፣ ዕጣንና ቄጤማ 150 ብር

በወር 26 ቀን ብትሠሩ ይህ 7,800 ብር ይሆናል።

በየወሩ የሚወጣ፦
– ኪራይ 8,000
– የረዳት ደመወዝ 5,000
– የእናንተ የራሳችሁ ደመወዝ 6,000
– ትራንስፖርት፣ መብራት፣ ለግብር የሚቀመጥ 1,700

ከላይ ያለውን 7,800 ስንጨምርበት 28,500 ብር። ይህን ለ14 ብር ከ50 አካፍሉት፣ ከዚያ ለ26 ቀን። የሚወጣው 76 ነው። ማለትም በዚህ ምሳሌ በቀን 76 ሲኒ ካልሸጣችሁ እየከሰራችሁ ነው። ይህን "መውጫ ቁጥር" በሉት፤ ወጪያችሁን መልሳችሁ የምትወጡበት ቁጥር ነው። ከዚያ በላይ ያለው ነው ትርፍ የሚባለው።

አሁን ብዙ ሰው የሚወድቅበትን ቦታ እዩ። የራሳችሁን ደመወዝ 6,000 ብር ከሒሳቡ ብታወጡት መውጫ ቁጥሩ ወደ 60 ይወርዳል። እንግዲህ በቀን 60 ሲኒ የሚሸጥ ሰው አስቡ። በየቀኑ መሳቢያው ውስጥ 1,500 ብር ያያል። በወር 39,000 ብር በእጁ አለፈ። ሥራ አለ፣ ሰው አለ፣ ብር ይገባል፣ ብር ይወጣል። ሁሉም ከተከፈለ በኋላ በወሩ መጨረሻ የሚቀረው ግን 120 ብር ነው። 26 ቀን ከንጋት እስከ ማታ ጭስ ላይ ቁጭ ብሎ ለ120 ብር!

ያም ሰው መብላት አለበት። ስለዚህ ከመሳቢያው ያነሳል፣ ለታክሲ፣ ለምሳ፣ ለካርድ። የሚያነሳው የራሱን ትርፍ ይመስለዋል፤ የሚያነሳው ግን የነገውን ቡና መግዣ ነው። አንድ ቀን ሁለት ኪሎ መግዣ አጥቶ አንድ ኪሎ ይገዛል፣ ቡናውን ያቀጥናል፣ ደንበኛው ይሸሻል። እህቴ የዘጋችው በዚህ መንገድ ነው።

ስለዚህ ሕጉ አንድ ነው፤ ለራሳችሁ ደመወዝ ቁረጡ። ትንሽ ትሁን፣ ግን በወሩ የተወሰነ ቀን ትከፈል። ከዚያ ውጪ መሳቢያው የእናንተ አይደለም፣ የቡናው ነው።

ሁለተኛም፣ የቡና ዋጋ ሲጨምር ምን እንደሚሆን አስቀድማችሁ እወቁ። ኪሎው ከ800 ወደ 1,000 ብር ቢወጣ ከሲኒው የሚቀራችሁ ከ14 ብር ከ50 ወደ 12 ብር ከ50 ይወርዳል። መውጫ ቁጥራችሁም ከ76 ወደ 88 ይወጣል። 200 ብር የጨመረ ቡና በየቀኑ 12 ተጨማሪ ሰው ይጠይቃችኋል ማለት ነው። እነዚያ 12 ሰዎች ካልመጡ፣ ወይ በሲኒ 2 ብር መጨመር ነው፣ ወይ ወጪ መቀነስ። ቡናውን ማቅጠን ግን መፍትሔ አይደለም፤ ሰው የጨመረ ዋጋ ይለምዳል፣ የቀጠነ ቡና አይለምድም።

4. ቦታ፦ ሰው ሲያልፍ ሳይሆን ሲቀመጥ ቁጠሩ

ሰው የሚበዛበት መንገድ ሁሉ ቡና የሚሸጥበት አይደለም። ታክሲ ለመያዝ የሚሮጥ ሰው አይቀመጥም። ቡና የሚጠጣው ደቂቃ ያለው ሰው ነው፤ የቢሮ ሠራተኛ በእረፍቱ፣ ሹፌር ተራ ሲጠብቅ፣ ጋራዥ መኪና ያስገባ፣ ሆስፒታል በር ላይ አስታማሚ፣ የግንባታ ሠራተኛ በምሳ ሰዓት፣ የሱቅ ነጋዴ ገበያ ሲቀዘቅዝ።

ቦታውን ከመያዛችሁ በፊት ሦስት ቀን መድቡ። አንዱ ሰኞ ወይም ማክሰኞ፣ አንዱ ረቡዕ ወይም ዓርብ፣ አንዱ ቅዳሜ ይሁን። በየቀኑ ሁለት ጊዜ፣ ጠዋት ከ2 እስከ 4 ሰዓት እና ከሰዓት ከ9 እስከ 11 ሰዓት፣ አቅራቢያው ያለ ሌላ ጀበና ቡና ጋ ቁጭ በሉ። ቡናችሁን ከፍላችሁ እየጠጣችሁ ስንት ሲኒ እንደወጣ ስልካችሁ ላይ መዝግቡ። ያ ቤት ደንበኛ ያፈራ ሆኖ በቀን 50 ሲኒ የሚሸጥ ከሆነ፣ የእናንተ መውጫ ቁጥር ደግሞ 76 ከሆነ፣ ቦታው አይሆንም። ወይም ኪራዩ መቀነስ አለበት።

ስለ መንገድ ዳር። በ2016 የተጀመረው የኮሪደር ልማት በዋና ዋና መንገዶች ዳር የነበሩ ብዙ ትናንሽ ሥራዎችን አንስቷል። እግረኛ መንገድ ላይ በርጩማ ደርድሮ መሸጥ ዛሬ ብታገኙትም ነገ ላይኖር ይችላል። ያላችሁን ብር በሙሉ እንደዚያ ዓይነት ቦታ ላይ አታውሉ። ወረዳችሁ ሄዳችሁ ቦታው በፕላን ምን ላይ እንዳለ ጠይቁ፤ ጥያቄው ነጻ ነው።

ብዙ ሰው የማያስበው አማራጭ አለ፦ የሌላ ሰው ቤት ፊት። ፀጉር ቤት፣ ጋራዥ፣ መኪና ማጠቢያ፣ ጁስ ቤት፣ ሕንፃ መግቢያ። ባለቤቱ ደንበኛው ሲጠብቅ ቡና ቢጠጣለት ደስ ይለዋል፣ እናንተም ሙሉ ቤት አትከራዩም። ግን በቃል አይሁን። ስንት ወር፣ በስንት ብር፣ ውኃና መብራት የማን እንደሆነ፣ መጸዳጃ መጠቀም እንደምትችሉ፣ ውጡ ከተባላችሁ ከስንት ጊዜ በፊት እንደሚነገራችሁ በወረቀት ይጻፍ። ሥራ ሲሞቅ ኪራይ የሚጨምር አከራይ ብዙ ነው።

5. ፆምና ወቅት

ሒሳቡን በጥሩ ወር ብቻ አትሥሩ። የኦርቶዶክስ የፆም ቀናት በዓመት ሲደመሩ ከ180 ይበልጣሉ። በዐቢይ ፆም 55 ቀን ብዙ ፆመኛ እስከ ቀትር፣ አንዳንዱም እስከ 9 ሰዓት ምንም አይቀምስም። ስለዚህ የጠዋቱ ገበያ ይሳሳል፣ የከሰዓቱ ይሞቃል። በዚያ ወቅት ከንጋት 12 ሰዓት ጀምሮ ከሰል ማንደድ ብክነት ሊሆን ይችላል፤ ሰዓታችሁን ወደ ከሰዓት ግፉት። በሌላ በኩል ማኪያቶ የሚጠጣው ሰው ወተት ስለማይቀምስ ወደ ጀበና ይመጣል። ይህ ለእናንተ ጥሩ ነው።

ሙስሊም ደንበኛ የሚበዛበት ሰፈር ከሆናችሁ በረመዳን ቀኑ ይቀዘቅዛል፣ ከኢፍጣር በኋላ ያለው ምሽት ግን ከሌላው ወር ሁሉ ሊበልጥ ይችላል። ማታ መሥራት የምትችሉበት ቦታ መሆኑን አስቀድማችሁ አረጋግጡ።

ክረምት ሰው ቡና ይፈልጋል፣ ግን ዝናብ ላይ አይቀመጥም። ሸራ ወይም ትልቅ ጥላ ከሌላችሁ ሐምሌና ነሐሴ ይፈትኗችኋል። ዩኒቨርሲቲ ወይም ትምህርት ቤት አካባቢ ከሆናችሁ ደግሞ ደንበኛው ራሱ በክረምት የለም።

6. ዕቃ፦ ጥቂት ግን የሚሠራ

– ጀበና ቢያንስ 3፣ በተለያየ መጠን። አዲስ ጀበና ሳይሟሽ እንዳትሸጡበት፤ ቡናው አፈር አፈር ይላል።
– ሲኒ ከ4 ደርዘን በላይ። ሲኒ ሲያንስ ችኮላ ይመጣል፣ ችኮላ ሲመጣ አጠባው ይበላሻል።
– ረከቦት፣ ምድጃ፣ ብረት ምጣድ፣ ሙቀጫ ወይም መፍጫ፣ ማጨሻ
– በርጩማ 10 አካባቢ። መጀመሪያ ላይ ከዚህ በላይ አይጠቅምም።
– ለማጠቢያ 2 ሳፋ፣ አንዱ ለማጠብ አንዱ ለማለቅለቅ፣ እና ክዳን ያላቸው ጀሪካኖች
– ፔርሙስ 2 ወይም 3

ፔርሙሱን አትናቁት። አካባቢያችሁ ካሉ ሱቆችና ቢሮዎች ጋር ተነጋግራችሁ በየቀኑ በተወሰነ ሰዓት ቡና ብታደርሱ፣ በርጩማ ሳትጨምሩ፣ ቦታ ሳታሰፉ 20 ወይም 30 ሲኒ ትጨምራላችሁ። ዝናብም አያቆመውም።

ለጌጥ አትቸኩሉ። መጋረጃ፣ ወንበር፣ ግድግዳ ቀለም፣ ባነር በኋላ ይደርሳል። ቡና ሲቆላ የሚወጣው ሽታ ከባነር በላይ ሰው ይጠራል፤ ሰው በሚበዛበት ሰዓት ደንበኛ ፊት ቁሉት።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ከሰል በተዘጋ ቤት ውስጥ ሰው ይገድላል። ጭሱ ስለማይታይና ስለማይሸት ሳይታወቅ ራስ ያዞራል፣ ያስተኛል። ጠባብ ቤት የምትሠሩ በርና መስኮት ክፍት ይሁን። ዝናብና ብርድ ነው ብላችሁ ዘግታችሁ ከሰል አታንድዱ። ማታ እዚያው የምታድሩ ከሆነ ደግሞ ፍሙን ውጪ አውጥታችሁ አጥፉት።

7. ዱቤ

ጀበና ቡና የወዳጅነት ቦታ ነው፣ ዱቤም ከዚያ ይመጣል። "ነገ እሰጥሻለሁ" የሚል ሰው ክፉ ላይሆን ይችላል። ግን በቀን 10 ሲኒ በዱቤ ከሰጣችሁ በወር 260 ሲኒ ነው፤ በ25 ብር 6,500 ብር። ከላይ በምሳሌው ካስቀመጥነው የእናንተ ደመወዝ ይበልጣል።

ጨርሶ መከልከል ካልቻላችሁ ወሰን አድርጉለት። በስም ይጻፍ፣ ከተወሰነ ብር አይለፍ፣ ደመወዝ በሚወጣበት ሳምንት ይጠየቅ። ቴሌብርና የባንክ ዝውውር ከመጣ ወዲህ "ዝርዝር የለኝም" የሚለው ምክንያት እየቀረ ነው። ግን ስክሪንሾት ሲያሳያችሁ በዚያ ብቻ አትመኑ፤ ብሩ በራሳችሁ ስልክ መግባቱን እዩ። የሥራው ብር የሚገባበት ቁጥርም ከግል ወጪያችሁ የተለየ ቢሆን ይሻላል፣ አለበለዚያ የትኛው የማን እንደሆነ ይጠፋችኋል።

8. ፈቃድና ግብር

የንግድ ምዝገባና ፈቃድ የሚመራው በአዋጅ ቁጥር 980/2008 ነው። በቅደም ተከተል የሚያስፈልጋችሁ፦

– መታወቂያ። ፋይዳ ካላወጣችሁ አሁኑኑ አውጡ፤ በየቢሮው እየተጠየቀ ነው።
– የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር፣ ሰው ሁሉ ቲን ነምበር የሚለው
– የቦታው የኪራይ ውል፣ ወይም የራሳችሁ ቤት ከሆነ ማስረጃው
– የንግድ ምዝገባና የንግድ ፈቃድ። በንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር የኢትሬድ ድረ ገጽ በኦንላይን ይሠራል፤ ካልሆነላችሁ ወረዳችሁ ያለው የንግድ ጽሕፈት ቤት ጠይቁ።
– የምትሸጡት ለሰው የሚጠጣ ነገር ስለሆነ ከጤና በኩል የሚጠየቅ ነገር አለ፤ የንጽሕና ብቃትና የሠራተኛ የጤና ምርመራ። ዝርዝሩን ቤት ከመከራየታችሁ በፊት ጠይቁ፤ መጸዳጃ ወይም ውኃ የሌለው ቤት ተከራይታችሁ ፈቃድ ብትከለከሉ ኪራዩ አይመለስም።

ስታመለክቱ የሥራ ዘርፋችሁን በትክክል አስመዝግቡ። "ቡና ቤት" ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው ቢራ ነው፤ እናንተ የምትሸጡት የተፈላ ቡና መሆኑን ግልጽ አድርጉ።

ግብርን በተመለከተ፣ የገቢ ግብር አዋጁ (979/2008) በ2017 ተሻሽሏል። ስለዚህ ከድሮ ነጋዴ የሰማችሁትን ደረጃና መጠን እንደወረደ አትውሰዱ፣ ቅርንጫፍ ጽሕፈት ቤት ሄዳችሁ አሁን የሚሠራበትን ጠይቁ። ከየቀኑ ሽያጭ ጥቂት ጥቂት ለግብር ብታስቀምጡ ሐምሌ ሲመጣ አትደነግጡም። የሽያጭ ደብተራችሁም ያኔ ይጠቅማችኋል። ማስረጃ የሌለው ሰው የሚከራከርበት ነገር የለውም።

9. መነሻ ብር ከየት?

ያላችሁን ብር ሦስት ቦታ ክፈሉት፦ ለዕቃ፣ ለኪራይ ቅድሚያ፣ ለመጠባበቂያ። መጠባበቂያ ማለት ምንም ባትሸጡ ለሦስት ወር ኪራይና የረዳት ደመወዝ የሚከፍል ብር ነው። ከላይ ባለው ምሳሌ 39,000 ብር ይሆናል። ያ ካልሞላላችሁ አልደረሳችሁም፤ ወይ ኪራዩን ቀንሱ፣ ወይ ረዳት ሳትቀጥሩ ጀምሩ፣ ወይ ጥቂት ወር ጠብቁ። አዲስ ቦታ ደንበኛ እስኪለምደው ጊዜ ይፈልጋል፣ ብዙ ሰው የሚወድቀውም በዚያ መሃል ነው።

ዕቁብ ጥሩ ነው፣ ወለድ የለውም። ግን ዕቁቡ ከወጣላችሁ በኋላም መዋጮው እንደሚቀጥል አስታውሱ፤ መዋጮውን ከወር ወጪያችሁ ውስጥ ቁጠሩት። በስልክ የሚገኝ የአጭር ጊዜ ብድር ለድንገተኛ ጉዳይ ነው፣ ሥራ መክፈቻ አታድርጉት፤ ቡናው ትርፍ ሳያመጣ መክፈያው ቀን ይደርሳል። በማኅበር ለምትደራጁ ወረዳ ያለው የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት የብድርና የመሥሪያ ቦታ አሠራሩን ይነግራችኋል። ከጓደኛ ጋር ስትደራጁ ግን ማን ስንት አዋጣ፣ ማን ስንት ሰዓት ይሠራል፣ አንዱ ቢወጣ ምን ይሆናል የሚለውን ከመጀመሪያው ቀን ጻፉት።

10. የምታፈላዋ ልጅ

ሠራተኛ የምትቀጥሩ ከሆነ ይሄን ልብ በሉ። ከንጋት ጀምራ ጭስ ላይ የምትቀመጠው፣ የደንበኛውን ስም የምታውቀው፣ ማን ስኳር እንደሚያበዛ የምታስታውሰው እሷ ናት። እሷ ከሄደች ደንበኛው ተከትሏት ይሄዳል። ደመወዟ በቀኑ ይከፈላት፣ የእረፍት ቀን ይኑራት፣ ምሳዋ ይታሰብላት።

ደንበኛ ሲተነኩሳት ደግሞ "ቻይው፣ ደንበኛ ነው" አትበሏት። አንድ አስቸጋሪ ሰው ማስወጣት የሚያጎድለው በቀን ሁለት ሲኒ ነው። እሷን ማጣት ግን ቤቱን ሊያዘጋ ይችላል። ከብሩም በፊት ደግሞ ሰውነት ነው።

ባጭሩ፣ ከመክፈታችሁ በፊት

– 1 ኪሎ ጥሬ ቡና በእናንተ ሲኒ ስንት እንደሚያወጣ ሞክራችሁ ቆጥራችኋል?
– የራሳችሁን ደመወዝ ጨምራችሁ መውጫ ቁጥራችሁን ታውቁታላችሁ?
– ቦታው ያንን ቁጥር እንደሚሸጥ ሦስት ቀን ተቀምጣችሁ አይታችኋል?
– የሦስት ወር መጠባበቂያ አለ?
– የኪራይ ውሉ በጽሑፍ ነው?
– ፈቃዱ ምን እንደሚጠይቅ ቤቱን ሳትከራዩ ጠይቃችኋል?

ስድስቱም "አዎ" ከሆኑ ረከቦቱን ግዙ።

እህቴ ከዘጋች ከስምንት ወር በኋላ እንደገና ጀምራለች። አሁን ያለችው አንድ ጋራዥ በር ላይ ነው፤ ሁለት ጀበና፣ ስምንት በርጩማ፣ ሁለት ፔርሙስ። ኪራዩ ትንሽ ስለሆነ መውጫ ቁጥሯ 48 ነው። ረከቦቱ ሥር ደብተር አላት፤ ሲኒ በወጣ ቁጥር አንድ ጭረት ታሰምራለች። ማታ ስደውልላት "ሥራ እንዴት ነው?" ማለት ትቻለሁ። "ስንት?" ነው የምላት።

ትላንት 57 ነበር። ዝናብ ነበር እንጂ ይበልጥ ነበር አለችኝ።

ለመክፈት የሚያስብ ጓደኛ ካላችሁ ሼር አድርጉለት።